በመቀነስ የተገኘ ድሎት፦ ስለ ቤንትሊ ኮንቲኔንታል

ድሎት ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው መደራረብ ነው፤ በምንጣፍ ላይ ምንጣፍ፣ በጌጥ ላይ ጌጥ። የእንግሊዝ የረጅም ጉዞ መኪኖች ዝና ምንጩ ሲመረመር ግን የተገኘው በተቃራኒው መንገድ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1952 ለገበያ የቀረበችው ቤንትሊ ኮንቲኔንታል ዋነኛ ምስክር ናት።

የጥንቱ ባላባት ሰጋር በቅሎ የሚመርጠው ለፍጥነቷ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱ አካሉን እንዳያደክመው ጭምር እንጂ። ኮንቲኔንታልም የታሰበችው ለዚሁ ነው፤ አራት ሰዎችን ከነጓዛቸው ይዛ፣ ቀኑን ሙሉ ገስግሳ፣ ሲመሽ ሳይዝሉ ልታደርሳቸው።

መሐንዲሱ አይቫን ኤቨርንደንና የቅርጽ ነዳፊው ጆን ብላችሊ ይህን ሲያልሙ ከፊታቸው የተደቀነው ዕንቅፋት ጎማ ነበር። በዘመኑ የነበረው ጎማ ከባድ መኪናን በዚያ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሊሸከም አይችልም ነበር። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ሆነ። የኤች. ጄ. መሊነር ባለሙያዎች አካሏን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ የመስኮቶቹ ክፈፍና የወንበሮቹ አጽም ሳይቀር ከዚሁ ቀላል ማዕድን ሆነ። የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና እ.ኤ.አ. በ1951 በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው ሞንትሌሪ የመሮጫ ሜዳ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ሮጠች። ከፊት መስተዋቷ አንሥቶ እስከ ኋላዋ ሳይሰበር የሚወርደው፣ ዛሬም ዓይን የሚማርከው የጣሪያዋ መስመር ለጌጥ የተሳለ አይደለም፤ ነፋስን ለማሳለፍ የተፈለገ መፍትሔ ነው። ኩባንያው የሞተሯን የፈረስ ጉልበት በይፋ አለመናገሩም ከዚሁ ጠባይ ጋር ይስማማል፤ ኃይሉ አለ፣ ፉከራው ግን የለም።

ይሁን እንጂ ውበቷን ከዘመኗ ነጥሎ ማድነቅ ግማሹን ብቻ ማየት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1952 በእንግሊዝ አገር ሥጋና ስኳር ገና በራሽን ይታደሉ ነበር። ስሟ የሚያመለክተው ከባሕሩ ማዶ ያለውን የአውሮፓ ምድር ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ መንግሥት ወደ ውጭ አገር ለሚጓዝ ዜጋ የፈቀደው የዓመት ወጪ 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። መኪናዋ ደግሞ ወደ 7000 ፓውንድ ታወጣ ነበር። የሠሯት እጆች ስኳራቸውን በካርድ ሲቀበሉ፣ እርሷ በቅድሚያ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ባሕር ተሻገረች። እንግዲህ ሰሪዎቿ የሚያውቁት ቁጥብነት የወረቀት ንድፍ ብቻ አልነበረም፤ በየቤታቸው የሚኖሩት ኑሮም ነበር። ልዩነቱ፣ ለእነርሱ ችግር የሆነው ለገዢው ውበት መሆኑ ነው።

ገዢዎቹስ ይህን ውበት ተረድተውት ነበርን? የኋላ ኋላ የሆነው ያጠራጥራል። ወንበሩ ይወፍር፣ ምቾቱ ይጨመር የሚለው ጥያቄ በረታ፤ ክብደቷም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሞተሯ ከ4.6 ወደ 4.9 ሊትር አደገ። በብልሃት የተቀነሰው በገንዘብ ተመልሶ ተጫነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ የድሎት መኪኖች የተከተሉት ይህንኑ የመጨመር መንገድ ነው፤ ክብደቱ ሲያድግ ሞተሩን ማሳደግ፣ ሞተሩ ሲያድግ ደግሞ ክብደት መጨመር።

ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያበቃ፣ የሙከራዋ መኪና ተጨምራ የተሠሩት 208 ብቻ ነበሩ። ቁጥራቸው ማነሱ ዋጋቸውን ሰቀለው፤ ዋጋቸው መሰቀሉም ከመንገድ የሚያርቅ ምክንያት ሆነ። ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ሥዕል ነው፤ የረጅም ጉዞ መኪና ግን ያለ ጉዞ ምን እንደሆነች ለመናገር ይቸግራል። የዚያ መስመር ትርጉም የሚገባው ነፋሱ ሲያልፍበት ነው፤ የዚያ ዝምታ ዋጋም የሚታወቀው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ነው። ጎማዋን አቧራ ሳይነካው በሸራ ተሸፍና የምትኖር ኮንቲኔንታል ክብሯ የተጠበቀላት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ክብደት የተቀነሰው ከመጋዘን ውስጥ እንድትቆም አልነበረም።