ሁለት ጊዜ የወደቀው ድልድይ

ከሞንትሪያል ተነሥቶ ወደ ኩቤክ ከተማ በባቡር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጉዞው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሴንት ሎውረንስ ወንዝን ይሻገራል። የሚሻገርበት ድልድይ ዐይን የሚማርክ አይደለም። ብረቱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ወገቡ የከበደ ነው። በ1970 ከጎኑ የተከፈተው የፒዬር ላፖርት ተንጠልጣይ ድልድይ በገመዶቹ ላይ ቀለል ብሎ ሲታይ፣ አሮጌው ይበልጥ ሸክም የበዛበት ይመስላል። ስለ ድልድዩ የሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ግን ስለ መልኩ ብዙም አይጨነቁም። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 549 ሜትር መሆኑን፣ በዚህም ድልድዩ ከ1917 ጀምሮ በዓለም ላይ ካሉት የካንቲሌቨር ድልድዮች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ይናገሩና ያበቃሉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኩቤክን ድልድይ በርዝመቱ ብቻ መለካት ሥራውን አለማየት ነው። ይህ ድልድይ ሊነበብ የሚገባው በውፍረቱ ነው። ውፍረቱ እንዲያው የመሐንዲስ ምርጫ አይደለም፤ በዚያው ስፍራ ተጀምሮ ለፈረሰው፣ ቀጠን ላለውና ምናልባትም ይበልጥ ላማረው ድልድይ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ ምን ያህል ሐቀኛ እንደሆነና ማንን እንደዘነጋ መጠየቅ ግን ከማድነቅ ይቀድማል።

ካንቲሌቨር የሚባለውን አሠራር ለመረዳት ከ1887 የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አልተገኘም። በስኮትላንድ የፎርዝ ድልድይ ሲሠራ ቤንጃሚን ቤከር የተባሉት መሐንዲስ ነገሩን በሰው ገላ አሳዩት። ሁለት ሰዎች በወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ፤ ከእጃቸው ወደ ወንበሩ የወረደ ዘንግም ያዙ። በመካከላቸው በተንጠለጠለ ጣውላ ላይ ካይቺ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ተቀመጠ። በውጭ በኩል ያሉት እጆች በጡብ ክብደት ወደ መሬት ተጎተቱ። ሰውየው ሲቀመጥ ክንዶቹ ይወጠራሉ፤ ዘንጎቹ ደግሞ ይገፋሉ። ክንድ ሲወጠር ሁሉም ያየዋል። ዘንጉ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሸክሙን ይቀበላል፤ አቅሙ ሲያልቅም አስቀድሞ ብዙ አይናገርም። በኩቤክ የከዳው ይኸው ዘንጉ ነው።

የኩቤክ ድልድይ ኩባንያ አማካሪ መሐንዲስ ቴዎዶር ኩፐር፣ በዘመኑ በአሜሪካ ስማቸው ከገነነ የድልድይ ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። በ1900 በምሰሶዎቹ መካከል የታሰበውን ርቀት ከ488 ሜትር ወደ 549 ሜትር አሳደጉት። የሰጡት ምክንያት ተገቢ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ከጥልቁ ውኃና ከክረምቱ በረዶ ይርቃሉ፣ ሥራውም ይፈጥናል። ይሁን እንጂ የፎርዝ ድልድይ 521 ሜትር ነበርና፣ አዲሱ ቁጥር ክብረ ወሰኑን ከስኮትላንድ ወደ ካናዳ የሚያሻግር ሆነ። ከሁለቱ የትኛው እንደገፋቸው ዛሬ መፍረድ ያስቸግራል፤ ምናልባት ሰውየው ራሳቸውም አይለዩት ነበር።

ድልድይ ሲረዝም የራሱ ክብደት እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ሆኖም በፔንስልቫኒያ የነበረው የፊኒክስ ብሪጅ ኩባንያና ዋና ነዳፊው ፒተር ሽላፕካ የመጀመሪያውን የክብደት ግምት እንደነበረ ይዘው ሠሩ፤ ኩፐርም አሳለፉት። ቀደም ሲል በ1903 አንድ የመንግሥት መሐንዲስ የኩፐር መመዘኛ እንደገና ይመርመር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኩፐር አጥብቀው ተቃወሙና ሐሳቡ ቀረ። ስሕተቱ በ1906 ሲታወቅ ብዙው ብረት ተሠርቶ፣ ከፊሉም ተገጥሞ ነበር። ኩፐር በብረቱ ላይ የሚደርሰው ጭማሪ ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ገምተው ሥራው እንዲቀጥል ፈቀዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው።

ለሥነ ውበት የሚቆረቆር አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የዚያ የመጀመሪያ ድልድይ የታችኛው መስመር ዐይን እንዲያርፍበት ቀስ ብሎ የሚጎብጥ ቅስት ሆኖ ተነድፎ ነበር። ግፊት የሚሸከም ብረት ደግሞ ቀጥ ሲል ይበረታል፤ ሲጎብጥ ይዳከማል። ድልድዩን ያፈረሰው ውበቱ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ዋናው ጥፋት ብረቶቹ ለተሸከሙት ክብደት መቅጠናቸውና ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ማሰሪያዎች ደካማ መሆናቸው ነው። ነገር ግን ያ ለስላሳ ቅስት፣ ቁጥሩ ያላረጋገጠውን እርግጠኝነት ለተመልካች ያሳይ ነበር። አንድ ሥራ ራሱ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ሲቀርብ፣ ሐያሲ በግጥምም ቢሆን ይቅር አይለውም።

በ1907 ክረምት በደቡቡ ዳርቻ ያለው ክንድ ወደ ወንዙ መሐል እየረዘመ ሲሄድ፣ ከታችኞቹ ብረቶች አንዱ ከመስመሩ መውጣቱ ታወቀ። ጉብጠቱ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከ19 ሚሊ ሜትር ወደ 57 ሚሊ ሜትር አደገ። ከኩባንያው ሰዎች ከፊሉ ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣም ጎብጦ ነበር ብለው ተከራከሩ። የኩፐር ወኪል የነበረው ወጣቱ መሐንዲስ ኖርማን ማክሉር ጉዳዩን በአካል ለማስረዳት ወደ ኒው ዮርክ ተጓዘ፤ ጤናቸው የታወከው ኩፐር ወደ ሥራው ቦታ አይመጡም ነበርና። ኦገስት 29 ቀን ኩፐር ሁኔታውን እንደሰሙ ተጨማሪ ጭነት እንዳይደረግ የሚያሳስብ ቴሌግራም ላኩ። ቴሌግራሙ የሄደው ግን ወደ ፔንስልቫኒያ እንጂ ወደ ኩቤክ አልነበረም። በዚያም ሰዎቹ ተሰብስበው ጉዳዩን ለማግስቱ አሳደሩት። በዚያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል 19,000 ቶን የሚመዝነው ብረት በ15 ሰከንድ ያህል ውስጥ ወረደ። በላዩ ከነበሩት 86 ሰዎች 75ቱ ሞቱ።

የንጉሣዊው አጣሪ ኮሚሽን በ1908 ባወጣው ዘገባ ጥፋቱን በዋነኛነት በኩፐርና በሽላፕካ የፍርድ ስሕተት ላይ አሳረፈው። ዘገባው የጠነከረ ሥራ ነው፤ ቴክኒኩን ሲመረምር ርኅራኄም ጭካኔም አይታይበትም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተራኪዎች ግን ነገሩን የአንድ ትዕቢተኛ አዛውንት ታሪክ አደረጉት። ይህ ለተረት ይመቻል እንጂ እውነቱን ያሳንሰዋል። ኮሚሽኑ ራሱ በሥራው ቦታ ላይ በቂ ችሎታና ሥልጣን ያለው መሐንዲስ አለመመደቡን ነቅፏል። ብረቱ መጉበጡን በስፍራው የነበሩት ሰዎች አይተዋል፤ ለክተዋልም። ሥራው ግን ቀጠለ። ሁሉም ፈቃዱን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በኒው ዮርክ ከተቀመጡት ሰው ይጠብቅ ነበር። ከአንድ ሰው ትዕቢት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ መጠበቅ ነው።

ከሞቱት መካከል 33ቱ በሞንትሪያል አጠገብ ከምትገኘው ከካናዋኬ የመጡ የሞሃውክ ተወላጆች ነበሩ። በከፍታ ላይ ብረት መግጠም በ1880ዎቹ በመንደራቸው አጠገብ ከተሠራው የባቡር ድልድይ ጀምሮ የያዙት ሙያ ነው። ጆሴፍ ሚቸል በ1949 በ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ እንደተረከው፣ አደጋው ወጣቶቹን ከሙያው አላራቃቸውም፤ እንዲያውም ሙያው ይበልጥ የሚያስከብር ሆነ። ሴቶቹ ግን የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ዳግመኛ በአንድ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ጠየቁ፤ ወንዶቹም ወደ ተለያዩ ከተሞች ተበተኑ። በካናዋኬ መቃብር ላይ ከብረት የተሠሩ መስቀሎች ቆመዋል። መሐንዲሶቹ ከአደጋው የተማሩት ብረትን ማወፈር ነው። የካናዋኬ ሴቶች የተማሩት ሸክምን ማከፋፈል ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጥበብ እንደሆነ የምህንድስና መጻሕፍት አይጠይቁም።

አሁን የሚታየው ድልድይ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቅስቱ ቀርቶ የታችኛው መስመር ቀጥ አለ። የጎኑ ብረቶች «ኬ» የተባለውን የላቲን ፊደል በሚመስል ቅርጽ ተደረደሩ። ዋናዎቹ ግፊት ተሸካሚዎች ከቀድሞዎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ወፈሩ። ማንም ይህን ሥራ ቆንጆ ነው ብሎ አይከራከርም፤ ነገር ግን የማያውቀውን አያስመስልም። ፍርሃቱን አይደብቅም።

ያም ሆኖ ፍርሃት ብቻውን አላዳነም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1916፣ 5,000 ቶን የሚመዝነውና 195 ሜትር የሚረዝመው መካከለኛው ክፍል ከጀልባዎች ላይ ወደ ቦታው ሲነሣ፣ አንድ ማዕዘኑን የደገፈው ብረት ተሰበረና ወደ ወንዙ ገባ። 13 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የከዳው ድልድዩ አልነበረም፤ ለማንሻው የተበጀ፣ ከሥራው በኋላ የሚነሣ ቁራጭ እንጂ። ጥንቃቄው ሁሉ ለሚቀረው ተሰጥቶ ለጊዜያዊው አልደረሰም ማለት ይቻላል። ሌላ ክፍል ተሠርቶ በ1917 ሴፕቴምበር ተገጠመ። ይፋዊው ምረቃ በ1919 የዌልሱ ልዑል በተገኙበት ተከናወነ።

በካናዳ መሐንዲሶች ዘንድ ከትምህርት ሲመረቁ በሚሠራው እጅ ትንሽ ጣት ላይ የብረት ቀለበት ማጥለቅ ልማድ ነው። ሥነ ሥርዓቱን በ1922 ያሰቡት ፕሮፌሰር ሃውልቴን ናቸው፤ ቃሉን ሩድያርድ ኪፕሊንግ ጻፈው፤ በ1925 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ከወደቀው ድልድይ ብረት ተሠሩ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ እውነት ግን አይደለም። ወሬው ለምን እንደጣፈጠ ለመገመት አያዳግትም። በሌላ ሰው ላይ የወደቀውን ብረት ጌጥ አድርጎ የጥፋተኛው ሙያ ጣት ላይ ያኖረዋል፤ ጸጸቱንም ታሪኩንም ለመሐንዲሱ ያወርሳል። ለካናዋኬ ግን በዚያ ቀለበት ውስጥ ስፍራ የለም። መንደሪቱ የራሷን መታሰቢያ ያቆመችው በ2007፣ መቶኛው ዓመት ሲታሰብ ነው።

ድልድዩ በ1987 ዓለም አቀፍ የምህንድስና ቅርስ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የካናዳ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተባለ። ክብሩ ግን ከዝገት አላዳነውም። በዚያው ዐሥርት ዓመት ከመንግሥት ወደ ካናዲያን ናሽናል የባቡር ኩባንያ ተዛውሮ፣ ቀለሙን ማን ይቀባ የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ተጓተተ፤ እስከ ፍርድ ቤትም ደረሰ። በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት ድልድዩን በአንድ ዶላር መልሶ ለመረከብና በ25 ዓመታት ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊያወጣበት ወሰነ። ገንዘቡ ለብረቱ ነው፤ ብረቱም ይገባዋል።

ሴንት ሎውረንስ በኩቤክ አካባቢ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይሞላል፣ ይጎድላል። ውኃው ሲጎድል በደቡቡ ዳርቻ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ብረት ሥር፣ ከ1907ቱ ድልድይ የቀሩ ስብርባሪዎች ይታያሉ። የ1916ቱ መካከለኛ ክፍል ደግሞ ከወንዙ ወለል አልወጣም፤ የአሁኑ ድልድይ ጥላ በላዩ ያልፋል።