«ተረት ተረት» ሲባል ማን ይመልስ?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት በገባሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። «ጋሼ፣ ለልጅ በቀን ስንት ሰዓት ይበቃዋል?» ጠያቂዋ ስለ እንቅልፍ የምታወራ እንዳይመስላችሁ። ስለ ስልክና ስለ ቴሌቪዥን ነው። እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቁጥር ትፈልጋለች፤ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ? ከምግብ ጋር የሚሰጡትማ ስንቶች ናቸው! ልጁ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ አፉን ይከፍታል፤ ሞግዚቷ በማንኪያ ታስገባለች። ምን እንደበላ ቢጠየቅ አያውቀውም።

ቁጥር ከተፈለገ ቁጥሩ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚህ ብዙ ያልራቀ ምክር ሰጥቷል። ይኸኛው ግን ለሕፃናቱም አንድ ነገር ፈቅዷል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ በስልክ መነጋገርን። ዋሽንግተን ያለች አክስት ደውላ «ማሙሽ፣ አፍንጫህ የታለ?» ብትለው ጉዳት የለውም ማለት ነው። ስክሪኑ ያው ስክሪን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

አክስቲቱ ትመልሳለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ልጁ አፍንጫውን ሲነካ ትስቃለች፣ ጆሮውን ከነካ «እሱማ ጆሮህ ነው» ትለዋለች።

ይህን ነገር ተመራማሪዎች ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ምሁርና ባልደረቦቿ ሲያትል ውስጥ የ9 ወር ሕፃናትን ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዳንዶቹን ቻይንኛ ተናጋሪዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያጫወተች አነጋገረቻቸው። ሌሎቹ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ አዩ። የመጀመሪያዎቹ የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ በቪዲዮ ያዩት ግን ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት አልተሻሉም። ሕፃን ቋንቋን የሚቀበለው ከሰው ነው፤ ዝም ብሎ ከሚለፈልፍ ሣጥን አይደለም።

ስነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የእኛ ቃል ግጥምና ተረት ይህን ምርምር ሳይጠብቅ አውቆታል እላለሁ። «ተረት ተረት» ይላል ተራኪው። ይላልና ዝም ይላል። ልጆቹ «የላም በረት» ካላሉ ተረቱ አይጀመርም። «እንቆቅልሽ» ይባላል፣ «ምን አውቅልሽ» ካልተባለ ጨዋታ የለም። መልሱ ከጠፋ ደግሞ «አገር ስጠኝ» አለ። ትንሹ ልጅ አገር ሰጪ ይሆናል፤ ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል። በእኛ አገር ተረት ውስጥ ልጅ ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች ሆኖ አያውቅም። ግማሹን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ይህን ልማድ ወደ ስክሪን ያሻገሩልን አባባ ተስፋዬ ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ለ42 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ነገሩ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ያዘነላቸው በከንቱ አልነበረም። የመድረክ ሰው ስለነበሩ የዝምታን ዋጋ ያውቁታል። ሰላምታ ሰጥተው ፋታ ይሰጣሉ፤ ልጁም በየቤቱ ሆኖ አጸፋውን ይመልሳል። አይሰሙትም እኮ! ግን እንደሰሙት ሆነው ይቀጥላሉ። ጨዋታቸው ሲያበቃ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሌላ ሰው ይሆናል፣ ልጁም ወደ ደጅ ይወጣል። ሰዓት የሚቆጥር ወላጅ አላስፈለገም፤ ጣቢያው ራሱ ቆጥሮለታል።

መልስ የማይጠብቅ ስክሪን ምን እንደሚያደርግም በአገር ደረጃ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ግድም «ፕላዝማ» የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ሲገባ፣ መምህሩ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ቀረ። የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ተማሪው ገባውም አልገባው «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። በወቅቱ ዋናው እሮሮ ይኸው ነበር፤ እጅ ቢያወጡ የሚያይ የለም፣ «አልገባኝም» ቢሉ የሚሰማ የለም። የ16 ዓመት ጎረምሳ የከበደውን ነገር ዛሬ የ2 ዓመት ሕፃን እንዲችለው ጠብቀን ስልክ እናስጨብጠዋለን።

እስቲ ይዘቱን እንደ ሐያሲ እንየው። በየቤቱ የሚከፈተው የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙር፣ ኮኮሜሎንም ሆነ ዘመዶቹ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ዜማው ጣፋጭ ነው። ምስሉ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይለዋወጣል። ልጁ ላሟን አይቶ «ላም!» ከማለቱ ዳክዬዋ መጥታለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱን ይከፍታል፤ «አበቃን፣ ደህና ዋሉ» የሚል የለም። መጨረሻ የሌለው ተረት ደግሞ በእኛ ሙያ ተረት አይባልም። ከዚህ ጋር ሳስተያያት በ1990ዎቹ ማብቂያ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያመጧት የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ አሻንጉሊት ቀጭኔ ትበልጥብኛለች። የ6 ዓመት ልጅ ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች፣ የምታወራው ደግሞ በአማርኛ ነው።

የአማርኛው ነገር ቀላል አይደለም። ቦሌ ውስጥ ውሃን «ዋተር» የሚል ልጅ «ጎበዝ» ይባላል። እሰየው፣ እንግሊዝኛ ይማር። ግን አያቱ ከደሴ ወይም ከደብረ ማርቆስ መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይሉና «ተረት ተረት» ሲሉት፣ ልጁ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ተራው የእሱ መሆኑን አያውቅም። አያት ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የጠፋውን ነገር የትኛውም ውድ ትምህርት ቤት አይመልሰውም።

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ሰሚትን፣ የካ አባዶንና ቦሌ አራብሳን ሲሞላ፣ የሰፈር ግቢ ለልጅ ይሰጥ የነበረውን ነገር ይዞ አልወጣም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ፣ ታች መኪና በሚመላለስበት፣ ልጅ «ውጣና ተጫወት» አይባልም። እናት ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፋ፣ መንገድ ተዘጋግቶባት፣ መሽቶ ትገባለች። እራት መሥራት አለባት። «ታዲያ ምን ላርግ?» ብትል እውነቷን ነው። ስልኩ የተወለደበት ሰፈር እንጂ የእሷ ስንፍና አይደለም ልጁን የያዘው።

ሆኖም ማድረግ የሚቻል ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሽንኩርት እየከተፉ እንቆቅልሽ መጠየቅ ይቻላል። ማንም ሳያየው ከጧት እስከ ማታ የሚለፈልፈውን የሳሎን ቴሌቪዥን ማጥፋት ይቻላል፤ ቤተሰብ ከልጁ ጋር የሚያወራውን ወሬ የሚሻማው እሱ ነውና። ለሞግዚቷም «ስልክ አትስጪው» ብቻ ሳይሆን «አውሪው» ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ የተረቱ ጎተራ ያለው እነሱ ጋ ነው። እኛ ግን እንግሊዝኛቸው እንዳይበላሽባቸው ብለን ከልጆቹ ጋር ዝም እናሰኛቸዋለን።

እንግዲህ «ስንት ሰዓት?» ላላችሁኝ፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ከዘመድ ስልክ በቀር ይቅርበት። ከዚያ በኋላ ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ማዕድ ላይም አይቅረብ። ሲያይ አጠገቡ ሰው ይኑር፤ ሲያበቃም «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቅ። መመለስ ካቃተው፣ ነገ ያቺኑ 1 ሰዓት ቀንሱና አያቱ ዘንድ ላኩት። «የላም በረት» ማለትን ግን አስቀድማችሁ አስተምሩልኝ።

ቸር እንሰንብት።