ካርታው ላይ ሁለት ክብ

ቫይማር፣ ጀርመን፤ ትንሽ ፔንሲዮን። ጠዋት ባለቤቷ አሮጊት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አቀረቡልኝና የከተማውን ካርታ ዘርግተው በእርሳስ ሁለት ቦታ ከበቡ። አንዱ፣ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1832 ያረፈበት ቤት። ሌላው፣ ናዚዎች በ1937 የከፈቱት የቡኸንቫልድ ማጎሪያ። «ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ያደርስዎታል። ሁለቱንም ይዩ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት ኮረብታ ከባለቅኔው ደጃፍ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ጎተን ስንት ዓመት ሳስተምር ስለዚያ ኮረብታ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። «ሥነ ጽሑፍ ሰውን ያሠለጥናል» እያልኩ ስፎክር ኖርኩ እኮ!

እንግዳ ማክበር ሳሎኑን ብቻ ማሳየት ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ለአንድ ቀን እንግዳቸው ገመናቸውን አልሸሸጉም። እኔ ከገዛ ተማሪዎቼ ሸሸግኩ።