ለአንዲት ሰሚ የተነገረ መነባንብ

እዚህ ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር፣ በአንድ የበዓል ምሽት አንድ ወጣት የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በቃሉ ሲያሰማ አደመጥሁ። ድምፁ ያማረ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ወደ ታዳሚው ዘርግቶ፣ በየስንኙ ማሳረጊያ ጭብጨባ እየጠበቀ ተወጣው፤ ጭብጨባውም አልቀረበትም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ቅር ያለኝ ነገር ነበር። ምንነቱ የገባኝ በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ»ን ከመደርደሪያ አውርጄ መነባንቡን ዳግመኛ ካነበብሁ በኋላ ነው። ያ ንግግር ለእኛ አልነበረም።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ሄደው ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ በከሸፈ ማግስት ተይዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። አርበኞቹን አውግዘው ሕዝቡ ለኢጣሊያ እንዲገዛ ቢሰብኩ ይተርፉ እንደ ነበር፣ እሳቸው ግን እንኳን ሰዉ ምድሪቱም እንዳትገዛ ገዝተው እንደ ሞቱ ሲነገር ኖሯል። ጸጋዬ የተወለደው እሳቸው በተገደሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእጁ የገባ ደራሲ ምን ያደርግ ነበር? ጳጳሱን ከሕዝቡ ፊት አቁሞ እሳት የላሰ ንግግር ያስደርጋቸዋል። ወኔ ይቀሰቅሳል፣ አዳራሹም ይናወጣል። ጸጋዬ ይህን መንገድ መምረጥ ሲችል የጳጳሱን ፊት ወደ እመ ብርሃን አዞረው። የሚናገሩት ለእሷ ብቻ ነው። የሚናገሩትም የጀግና ቃል አይደለም፤ ወቀሳ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ አገሪቱን ለምን ረሳሻት የሚል ጥያቄ ነው። ወደ ልጅነታቸው፣ ወደ እረኝነታቸው ይመለሳሉ። ብቻቸውን መሆናቸውንና መፍራታቸውንም ሳይደብቁ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። የሰው አድናቆት የሚሻ ሰው «ፈራሁ» ይላልን? ከመንጋው ፊት የቆመ እረኛ የመስቀሉን ሸክም ከብዶኛል ብሎ አምላክ እናትን ይወቅሳልን? ይህን ማለት የሚቻለው ማን ሰማኝ፣ ምን አለኝ የሚል ሐሳብ ከልብ ሲወጣ ብቻ ነው። ብዙ ሐያስያን መነባንቡን የአገር ፍቅር ግጥም አድርገው ያነቡታል፤ አልተሳሳቱም። እኔ ግን አስቀድሞ ጸሎት ነው እላለሁ። አገር የገባችበትም በጸሎቱ በኩል ነው።

የጠላትን ሙገሳ መናቅ ከባድ ቢሆንም መልኩ ግልጽ ነው። በ1921 ዓ.ም. አብረዋቸው ከተሾሙት አንዱ የነበሩት አቡነ አብርሃም፣ በ1930 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት ከእስክንድርያ የለያትን ቤተ ክርስቲያን በሊቀ ጵጵስና እንዲመሩ ተሹመዋል። በእሳቸው ላይ ለመፍረድ ዛሬ ማንም አይቸገርም። የሚከብደው የወዳጅን ሙገሳ መናቅ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ለአርበኞች ጭብጨባ ብለው ቢሞቱ ኖሮ ሞታቸው ያው ሞት በሆነ ነበር፤ ታሪክም ልዩነቱን ባላወቀው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው የማን ሞገስ ነው የምንሻው የሚለው ነው። ባለቅኔው ጥያቄውን በስብከት አልመለሰውም፤ ጳጳሱ ለማን እንደሚናገሩ በመምረጥ ብቻ መለሰው።

ነቀፌታም አለኝ። «የጸጋዬ ቤት» የተሰኘው ረዥም ስንኝ ቃል በቃል ላይ ሲከምር፣ አልፎ አልፎ የምሰማው የአንድ ሊሞት የተዘጋጀ መነኩሴ ትንፋሽ ሳይሆን የባለቅኔውን ጉልበት ነው። በእነዚያ ቦታዎች ጳጳሱ ዝም ይላሉ፤ ጸጋዬ ደግሞ እዩኝ ይላል። መነባንቡ ለአደባባይ አንባቢዎች እንዲህ የተመቸውም በዚሁ ድክመቱ ይመስለኛል። ፍርሃቱ የሚነገርባቸው አጫጭር ስንኞች ግን ይህ ጉድለት የለባቸውም። ያ ወጣት በጥድፊያ ያለፋቸውም እነዚያኑ ነበር፤ ጭብጨባ አያመጡምና።

በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። በስደት አገር ጥቂት ሆነን ስንኖር እርስ በርስ የምንተያይበት ዓይን ይበዛል። ለቤተ ክርስቲያን የሰጠነው በድምፅ ማጉያ ካልተነገረ ቅር የምንሰኝ ጥቂቶች አይደለንም፤ እኔም አንዱ ነኝ። ጾማችንን እንኳ ማን እንዳየልን እንቆጥራለን። ስለዚህም የአቡኑን ቃል ስንይዝ ሳናስበው እንደ ራሳችን ልማድ አድርገን እናነበዋለን።

ወጣቱን ሳገኘው የምለምነው አንድ ነገር አለ። በሚቀጥለው በዓል ፊቱን ከታዳሚው መልሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈራሁ» የሚለው ላይ ሳይጣደፍ ቢሞክረው። ምናልባት ማንም አያጨበጭብ ይሆናል።