የምዕራፍ ሁለት ነገር

ልብ ወለድ ሲተች አይተናል። ግጥምም፣ ቴአትርም፣ የሥዕል ዐውደ ርእይም እንደዚያው። እኔ ዛሬ ልተቸው የተነሣሁት የድርሰት ዓይነት ግን ግንቦትና ሰኔ በመጣ ቁጥር በየፎቶኮፒ ቤቱ በገፍ እየተጠረዘ አንድም ሐያሲ ዞር ብሎ ያላየው ነው። ደራሲዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። አንባቢዎቹ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ጨርሰው ማንበባቸውን እግዜር ይወቀው። በመምህራኑ ቋንቋ «ክለሳ ድርሳናት» ይሰኛል። በተማሪው አፍ ግን ባጭሩ «ምዕራፍ ሁለት» ነው።

እንዴት ዐወቅኸው ለሚለኝ አንባቢ፣ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የመጽሔት ጽሑፍ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልምና በየመሀሉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ቋንቋ አቃናለሁ። ክፍያው በገጽ ነው። ፊደል አርማለሁ፣ ዐረፍተ ነገር አስተካክላለሁ፣ ሐሳቡ ውስጥ ግን አልገባም፤ ስምምነታችን ይኸው ነው። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ያነበብሁት ምዕራፍ ሁለት ካነበብሁት ልብ ወለድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ስለዚህ ስለ ዘውጉ ጥቂት ብናገር ነውር አይሆንብኝም።

ዘውጉ የራሱ ሥርዓት አለው። «ጋዜጣ ማለት…» ብሎ በትርጓሜ ይከፈታል፤ መምህሩ ጋዜጣ አይቶ የማያውቅ ይመስል። ከዚያ ስምና ዓመተ ምሕረት በቅንፍ እየታጀቡ ይሰለፋሉ። እገሌ እንዲህ ይላል። እገሌም ይህንኑ ያጠናክራል። እገሊት ደግሞ በዚህ ላይ ታክላለች። ምዕራፍ ሁለት ውስጥ ምሁር ከምሁር አይጣላም። ዕድሜ ልካቸውን በጽሑፍ ሲቆራቆሱ የኖሩ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ እንደ ማኅበርተኛ በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። «ድርሳናት» መባሉ እንዲያውም ሳይታሰብ የተዋጣለት ስያሜ ነው፤ ይደገማል እንጂ አይጠየቅም። ልዩነቱ፣ ድርሳን የሚደግመው ሰው መጽሐፉን በእጁ ይዟል።

ዐምና አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ መጣች። «ጋሼ» ብላ ነው የጀመረችው። በሠላሳዎቹ ውስጥ ላለ ሰው ይህች ቃል እንዴት እንደምታስደነግጥ የደረሰበት ያውቃል። ርእሷ ግን ደስ አሰኘኝ፤ በ1917 ዓ.ም. መታተም ስለጀመረው ስለ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ነበር። እኔም በዲፕሎማ የተማርሁት ያንኑ ሙያ ነውና ከገጽ ክፍያው ውጭም ለማንበብ ጓጓሁ።

ምዕራፍ ሁለት ላይ ስደርስ ተአምር በተአምር ላይ ሆነብኝ። አንዱ አንቀጽ «ባሕሩ (2002) እንደሚሉት» ይላል። ቀጣዩ «ዘውዴም (2002) በዚህ ሐሳብ ይስማማሉ» ይላል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከራሳቸው ጋር ባይስማሙ ነበር የሚገርመው! ዝቅ ብሎ ደግሞ ጋዜጣው በ1917 ተመሠረተና «በ1925 እንደገና ተቋቋመ»። 1917 በእኛ፣ እ.ኤ.አ. 1925 በፈረንጆቹ፣ ያው አንድ ጊዜ መሆኑን የነገራት የለም። ከሁሉም የከበደኝ ግን ማጠቃለያው ነው፤ ጋዜጣው የመንግሥት አዋጅና የቤተ መንግሥት ወሬ ከማተም ያለፈ ሥራ አልነበረውም ይላል። ምንጭ አልተጠቀሰለትም።

«ጋዜጣውን አይተሽዋል?» አልኋት።

«ኢንተርኔት ላይ የለም እኮ፣ ጋሼ።»

ስታፍር አላየሁም፤ ማፈርም አልነበረባትም። ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር ሌላ ቦታ ይኖራል ብሎ ያስተማራት ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ ከብዙ መምህራን ጋር አልስማማም። «የዛሬ ተማሪ ይገለብጣል፣ ሰነፍ ነው» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ይህች ልጅ ሌሊት ሌሊት ኔትዎርክ በሚቀልበት ሰዓት እየተነሣች፣ ካርድ እየሞላች፣ ሦስት ሳምንት ስትፈልግ ከርማለች። ስንፍና አልነበረም። የፍለጋ ዘዴ ነው ያልነበራት።

እንዴት እንደፈለገች አሳዪኝ አልኋት። የጋዜጣውን ስም በላቲን ፊደል ጻፈች። መጀመሪያ የመጣው በዚሁ ስም የሚጠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ቀጥሎም የጨረታ ማስታወቂያ። በአማርኛ ስትጽፈው ደግሞ የሚመጣው ኢምንት ነው። ለምን? ነገሩ ፊደላችን ላይ ነው። «ብርሃን» የሚለውን ቃል አንዱ በሃሌታው «ሀ» ወይም «ሃ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ወይም «ሓ»፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ «ኀ» ወይም «ኃ» ይጽፈዋል። ስድስት ሆነ። «ሰላም» በእሳቱ «ሰ» ወይም በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ዐሥራ ሁለት። «ብርሃንና» ተብሎ ሲቀጠልና «ብርሃን እና» ተብሎ ሲነጠል ሃያ አራት። ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ስም ነው። ለመፈለጊያው ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ ልዩ ልዩ ቃል ነው። የሊቃውንቱ የፊደል ክርክር ስንት ዘመን የሰለቸን ጉዳይ ነበር፤ ይኸው ዛሬ የአንዲት የኮሌጅ ተማሪ ውጤት ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

ሌላም አለ። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞቻችን እያንዳንዳቸው ፊደሉን በእንግሊዝኛው ቁልፎች ላይ በየራሳቸው መንገድ ይደለድሉት ነበር። በዚያ የተጻፈው ሰነድ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ እንኳ ለዐይን አማርኛ፣ ለማሽኑ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ነው። በፎቶ የተነሣ ገጽማ ከነአካቴው ሥዕል ነው። እንግዲህ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ማግሥት በየመንገዱ ሲሸጡ የነበሩት መጽሔቶች፣ በየወሩ ስንት ሙግት ያስነሡት፣ ለዚህ ትውልድ ተማሪ እንዳልተጻፉ ያህል ናቸው። መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ፍለጋ ላይ የሉም። ተማሪው የሌሉ ይመስለዋል፤ ምዕራፍ ሁለትም ያለ እነርሱ ይጻፋል።

ኢንተርኔቱ ባዶ ነው እያልሁ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያሳትመው የጥናት መጽሔት ጄስቶር በተባለው የመጽሔቶች ክምችት ውስጥ ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ በማይክሮፊልም የተነሡት የብራና መጻሕፍት ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጦ፣ ብዙዎቹን ዛሬ ተመዝግቦ በነጻ ማየት ይቻላል። ለድሆች አገሮች ተቋማት የውጭ ጥናቶችን በነጻ ወይም በርካሽ የሚከፍት ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባልም አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ በር አለው። ጉግል ላይ ሁለት ቃል ጥሎ መጠበቅ መርካቶ መግቢያ ላይ ቆሞ «ሚጥሚጣ!» ብሎ እንደመጣራት ነው።

የስሙንም ነገር ሳልጨርሰው ማለፍ አልሻም። በቤተ መጻሕፍት ደንብ፣ በውጭ አገሮቹም ጭምር፣ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው። ባሕሩ በ«ባ» ሥር ይፈለጋሉ፤ አባታቸው መጽሐፍ አልጻፉምና። የዋቢ አጻጻፍ ስልት የሚያስተምሩት የእንግሊዝኛ መመሪያዎችና ዋቢ የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች ግን የኋለኛውን ስም የቤተ ሰብ ስም ነው ብለው ወደ ፊት ያመጡታል። ተማሪዋ አንዱን ከአማርኛ ጽሑፍ፣ ሌላውን ከእንግሊዝኛ ወሰደች። ሁለት ምሁር ሆኑላት። መጽሐፉን አንዴ እንኳ በእጇ ይዛው ቢሆን ሽፋኑ ላይ ሁለቱም ስሞች ለአንድ ሰው መሆናቸውን ታይ ነበር።

ከዋቢዎቿ ሦስቱ ደግሞ ከነጭራሹ ያልተጻፉ መጻሕፍት ሆነው ተገኙ። ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመት፣ የገጽ ቁጥር ሁሉ አላቸው፤ መጽሐፉ ብቻ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተለቀቀው ከቻትጂፒቲ ጠይቃ ያገኘቻቸው ናቸው። ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። እኔ ያን ያህል አልደነገጥሁም። ያልተነበበ መጽሐፍ መጥቀስን ከለመድን ቆይተናል፤ ማሽኑ የጨመረው ያልተጻፈውን ነው።

በእኔ ጊዜ የተሻለ ነበር ልል አልችልም። የተማርሁበት ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ገለጻ የሰጠን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማውራት ክልክል ነው። መጽሐፍ ማጠፍ ክልክል ነው። ገለጻው አለቀ። መጽሐፍ የሚሰጠን በመስኮት ነበር፤ ስሙን ካላወቅኸው አትጠይቅም፣ ካልጠየቅህ አታየውም፣ ካላየኸው ስሙን አታውቀውም። ጥግ ላይ የካርድ ሣጥን ነበር። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ካርድ በደራሲው፣ አንድ በርእሱ፣ ሌላም በጉዳዩ እንደሚዘጋጅ፣ ለአንድ ቤት ሦስት በር እንዳለው፣ የተረዳሁት ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ነው። በዲዊ አመዳደብ 963 ማለት የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን፣ የምትፈልገው መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ ጎረቤቱ ያለውን ማየት ከንቱ ድካም አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለዚያች ልጅ የነገርኋት እኔም ያልተነገረኝን ነው።

ለማንኛውም፣ ስምምነታችንን አፈረስሁና ሐሳቡ ውስጥ ገባሁ። ባሕሩ ዘውዴ ስለ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን የጻፉትን፣ እርሷ በሁለት ስም የጠቀሰችውን መጽሐፍ፣ ተውሼ ፊቷ ዘረጋሁት። የላዩን አታንብቢ፣ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቢ አልኋት። እየገለጠች ሄደች። ብርሃንና ሰላም። ብርሃንና ሰላም። ደግሞ ብርሃንና ሰላም። ከነቀኑ።

«እንዴ! እሳቸው አይተውታል ማለት ነው?»

«የት አይተውት ይመስልሻል?»

እንዲህ ያለ የድሮ ጋዜጣ የሚፈለግባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። አንዱ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሰው ሁሉ «ወመዘክር» የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተመሠረተው የጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ከሁለቱ ወደ አንደኛው እንድትሄድ ተስማማን። ጽሑፏን ለማስረከብ ዐሥር ቀን ቀርቷት ነበር። ከዐሥሩ ስድስቱን የበላው ከኮሌጇ የትብብር ደብዳቤ ማስጻፍ ነው፤ ማኅተም ያዡ አልገባም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሺ።

ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ አገኘች። በሁለተኛው ቀን ማታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ሰዎች ይጽፉበታል!» ስለ አገር ሥልጣኔ፣ ስለ ትምህርት፣ ስማቸውን ከታች እየፈረሙ የሚጽፉ ሰዎች። አዋጅና የቤተ መንግሥት ወሬም አለ፤ ግን ሰዎች ይከራከሩበታል። ፊደሉ እንዴት እንደሚያምር፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚሸት ነገረችኝ። አንድ ቃል ትርጉሙ ጠፍቷት ጠየቀችኝ፤ እኔም አላወቅሁትም። ደስታ ተክለ ወልድን አውጥተን በስልክ ተያይዘን ፈለግን።

ያየችውን በምዕራፍ አራት አስገባች፤ ስድስት ገጽ ሆነ። ቋንቋው አንዳንድ ቦታ ይንገዳገዳል፤ ሆኖም እጄን ለማስገባት ቸገረኝ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የራሷ ድምፅ ያለበት እዚያ ብቻ ነበርና። ምዕራፍ ሁለትንም ልታስተካክል ስትጠይቅ ግን አማካሪዋ አልፈቀዱም። ምዕራፍ ሁለት ቀድሞ ጸድቋል፤ የጸደቀ ምዕራፍ አይነካም። ሁለቱን ባሕሩ ዘውዴ አንድ ማድረግና ሦስቱን ያልተጻፉ መጻሕፍት ማውጣት ብቻ ተፈቀደላት። የወጡትን ሦስቱን የሚተኩ ሌሎች ሦስት ግን ማምጣት ነበረባት፤ የዋቢው ቁጥር ከሃያ ማነስ የለበትም።

ጽሑፉ እንደዚያው ተጠረዘ። በምዕራፍ ሁለት ጋዜጣው ከመንግሥት አዋጅና ከቤተ መንግሥት ወሬ በቀር ሥራ አልነበረውም። በምዕራፍ አራት ሰዎች ይከራከሩበታል። ፈታኞቹ ስለዚህ አልጠየቋትም፤ የጠየቋት ስለ ኅዳግ ስፋት ነው። አልፋለች።

ሒሳቤን በገጽ ቆጥሬ ተቀበልሁ። ምዕራፍ ሁለት ዐሥራ ሦስት ገጽ ነበር።