የመዋጮ ፊልምና የተመልካቹ ሂስ

ለአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ገንዘብ ያዋጣ ሕዝብ በሥራው ላይ ሂስ የመሰንዘር መብት አለው። ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሂሱ ፈጣሪውን ያደፋፍረዋል ወይስ ወደታወቀው መንገድ ይመልሰዋል የሚለው ነው። ለዚህ በአምስተርዳም የሚገኘው የብሌንደር ፋውንዴሽን ያሠራቸው የአኒሜሽን ፊልሞች ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ።

ብሌንደር ሥዕልን በኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ፕሮግራሙን ከባለንብረቶቹ እጅ አወጡት፤ የማንም መገልገያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለወጣው የመጀመሪያ ፊልም፣ ለ«ኤሌፋንትስ ድሪም»፣ ከወጪው ከፊሉን የሸፈኑት ገና ያልተሠራውን ፊልም ዲስክ አስቀድመው የገዙ ሰዎች ናቸው። የብዙዎቹም ስም በፊልሙ መጨረሻ ተዘርዝሯል።

ባሳም ኩርዳሊ ያዘጋጀው ይህ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም፣ ፕሩግ የተባለ ሽማግሌ ኢሞ የተባለውን ወጣት በአንድ ግዙፍ ማሽን ሆድ ውስጥ እየመራ ሲያስጎበኘው ያሳያል። ሽማግሌው የሚያየውን ወጣቱ አያይም። አለመግባባታቸው ሽማግሌው ወጣቱን እስከ መምታት ያደርሰዋል። ተመልካቹ የሥዕሉን ጥበብ አደነቀ፤ ታሪኩ ግን አልገባ አለው፤ ነቀፈውም። ነቀፌታው ከፊል እውነት አለው፤ ንግግሩ አልፎ አልፎ ይደርቃል። ነገር ግን ማሽኑ ጌጥ አይደለም፤ የሽማግሌው እምነት አካል ለብሶ የቆመ ነው። ቅርጹ ከይዘቱ የተወለደ በመሆኑ ከሌላ ሥራ ተገልብጦ የመጣ አይመስልም። እዚህ ላይ «አልገባኝም» የሂሱ መነሻ እንጂ ፍርዱ መሆን አልነበረበትም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ቢግ ባክ በኒ» ለመረዳት አያስቸግርም። አንድ ትልቅ ጥንቸል ቢራቢሮ እየገደሉ የሚያሾፉበትን ሦስት ትንንሽ እንስሳት ይበቀላል። ፀጉሩና ሣሩ ድንቅ ናቸው፤ ወጥመዱና አወዳደቁ ግን ከአሜሪካ የካርቱን ፊልሞች አስቀድሞ የታወቁ ናቸው። ወደዚህ የመራው የተመልካቹ ነቀፌታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በድፍረት ረገድ ከመጀመሪያው ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ሲንቴል» ደግሞ ለየት ይላል። ክንፋም ዘንዶ፣ በረዷማ ተራራ፣ ብቸኛ ተጓዥ፤ ልብሱ ሁሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ልጅቱ የጠፋባትን ግልገል ዘንዶ ስትፈልግ ዕድሜዋ ማለፉን ሳታስተውል፣ ያደገውን ዘንዶ ሳታውቀው ትገድለዋለች። ወጥ ፈጠራው ያለው በዚህ መራራ መዞሪያ ላይ ነው።

አዝማሪ «ተቀበል!» ሲባል ስንኙን ከአድማጩ አፍ ይቀበላል፤ ሽልማቱንም ይወስዳል። መሰንቆው ግን ከእጁ አይወጣም። ባዋጪውና በፊልም ሠሪው መካከል የሚያስፈልገውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከፊልሞቹ ጋር የሥራ ፋይሎቻቸውም ተለቀዋል፤ የሠሪዎቹን ስም የጠቀሰ ሁሉ ሊያሻሽላቸው ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ ደብዛዛ ነው ያለ ተመልካች የፕሩግንና የኢሞን የመጨረሻ ትዕይንት ከፍቶ፣ ንግግሩን ቀንሶ፣ ከምቱ በፊት ያለውን ዝምታ አርዝሞ፣ የእሱ አስተያየት በሌሎች ዓይን እንዲመዘን ማቅረብ ይችላል።