መቼት፣ ገጸ ባሕርይና ሂስ በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ትንተና

ተማሪዎች በልቦለድ ላይ የሚጽፏቸው ትንተናዎች ሲመረመሩ የሚታየው ድክመት ሁሉ ከንባብ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ በሙያ ቃላቱ አፈታት ላይ የተመሠረተ ነው እንላለን። ለማስረጃ ያህል አንባቢ ሁሉ የሚያውቀውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንውሰድ።

በቅድሚያ የተማሪዎቹን ጆሮ እናደንቃለን። የፊታውራሪ መሸሻን አነጋገር ከገበሬው አነጋገር ለይተው ይሰማሉ፤ በምሳሌያዊ ንግግር ውስጥ የተሸሸገውን ሽሙጥ ያለ አስረጂ ይደርሱበታል። ይህ ከንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ የሚሸመት ሀብት አይደለም። ታሪኩን መልሶ መተረክ የሚባለው ጉድለት የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አንልበትም።

የሚያሳስበን «መቼት» ነው። «መቼ» እና «የት» ተጣምረው ያስገኙት ብልህ ቃል ነው፤ ሆኖም ግልጽነቱ ራሱ ወጥመድ ሆኗል። ተማሪው «ቦታው ጎጃም፣ ዘመኑ ከጣልያን ወረራ በፊት» ብሎ ቅጽ እንደሚሞላ ሰው ያልፋል። በዛብህ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሆኑ፣ ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ መሆኗ፣ ገበሬዎቹም በፊታውራሪው ላይ ማመፃቸው ከመቼቱ ውጭ ይመስለዋል። ያ ሥርዓት ባይኖር ግን ፍቅሩ ክልክል ባልሆነ፣ መጽሐፉም በሠርግ ባለቀ ነበር።

«ገጸ ባሕርይ»ም እንዲሁ ነው። ቃሉ ባሕርይን ስለሚጠራ ተማሪው «ደግ፣ ጨካኝ፣ ትዕግሥተኛ» እያለ ጠባይ ይቆጥራል። ጉዱ ካሳ «አስተዋይ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አገሬው እንደ እብድ የሚያየው ሰው ሥርዓቱን እንዲተች ለምን እንደ ተመረጠ አይጠየቅም። ይባስ ብሎ የእርሱ ቃል «ደራሲው እንዳለው» ተብሎ ይጠቀሳል። ይህን አደጋ ተርጓሚዎች ያውቁታል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ያልለየ ተርጓሚ «አንተ» ይበል «አንቱ» ሊወስን አይችልም።

«ሂስ» ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የግእዙ «ሔሰ» ነቀፈ፣ ወቀሰ ማለት ነው፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም «ሂስና ግለ ሂስ» በየስብሰባው ሲነገር ወቀሳነቱ ጠነከረ። ስለዚህ ተማሪ ሂስ ጻፍ ሲባል ጥፋት ያድናል፤ ያጣ እንደ ሆነ ወደ ውዳሴ ይዞራል። በክፍል ውስጥ «ትንተና» ቢባል እንመርጣለን፤ ምክንያቱም «ተነተነ» አካሉን ለያይቶ ማየትን እንጂ መፍረድን አያዝም።

ስለ መቼት የምናቀርበው ፍቺ የሚከተለው ነው፦ «መቼት (ስም)፦ የአንድ ድርሰት ድርጊት የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፤ እንዲሁም በዚያ ጊዜና ቦታ የገጸ ባሕርያቱን ድርጊት የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ልማድ፣ ሕግና የኑሮ ሥርዓት።»